በአምስት ሰዓት የመጣችው ርግብ

ባለፈው ሳምንት ያቆምኩት የርግቦቹን ቤት ቁልፍ በክር አድርጌ አንገቴ ላይ ካሰርኩበት ቦታ ላይ ነው። ያን ያላነበባችሁ ካላችሁም አትቸገሩ፤ ነገሩ አጭር ነው። የልጄ ልጅ ፍራንሲና ከማይሆን ሰው ፍቅር ያዛት፤ ደብዳቤውን የሚያመጡላት ደግሞ የሟቹ ባሌ ርግቦች ነበሩ፤ እኔም ደረስኩባቸው።

የማይሆን ሰው ስል ጊየም ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር። ጊየም ፌራጉት የመርከብ ካፒቴን ልጅ ነው። ባሕር ላይ በሚያርፈው የፖስታ አውሮፕላን ከአብራሪው ኋላ ተቀምጦ ሞተሩንና የደብዳቤውን ከረጢት የሚጠብቅ መካኒክ ነው፤ ከፓልማ ወደ ባርሴሎና፣ ከባርሴሎና ወደ ፓልማ። እኛ ደግሞ የጎዳናው ሰዎች ነን። ፓልማ ውስጥ «የጎዳናው ሰዎች» ከተባለ በብር አንጥረኞች መንገድ የምንኖረው ማለት ነው። ድሮ ድሮ አያቶቻችን አይሁድ ነበሩ። ከተጠመቅን ስንት መቶ ዓመት ሆነን፤ እሑድ እሑድ ከማንም ቀድመን ቤተ ክርስቲያን እንገባለን። ግን ስማችን ቦኒን ወይም ፖማር ከሆነ የከተማው ሰው ልጁን አይድርልንም። የጆሮ ጌጡን ከእኛ ይገዛል፣ የቃል ኪዳን ቀለበቱን እኛ እንሠራለታለን፣ ሠርጉ ላይ ግን አንጠራም።

ታላቅ እህቴ አይና አንድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ወዷት፣ ቀን ተቆርጦላት፣ ነጭ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ቆማለች። የልጁ እናት አልጋ ላይ ወድቃ «እሷን ከምታገባ ሬሳዬን ተራምደህ ሂድ» ብላው ኖሯል። አልተራመደም። ማታ ጫማዋን ያወለቅሁላት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እግሯ አብጦ ጫማው እንቢ ሲል፣ እሷ አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እንግዲህ ፍራንሲናን ለምን እንደዚያ እንደጠበቅኋት ፍረዱኝ።

የተዋወቁት በርግብ ነው። አውሮፕላኑ ሬዲዮ የለውም። ባሕር ላይ ችግር ቢደርስ የሚላከው ርግብ ነው፤ ርግብ ደግሞ ወደ ተፈለፈለችበት ጣሪያ እንጂ ወደ መሥሪያ ቤት አትበርም። ስለዚህ የወደቡ ቢሮ ጣሪያቸው ላይ ርግብ ካላቸው ሰዎች ይከራያል። ደንቡም ቀላል ነው፦ ቱቦ እግሯ ላይ ያለባት ርግብ ከመጣች ቱቦውን ፈትቶ ሳይውሉ ሳያድሩ ለቢሮው ማድረስ።

ጊየም ቅርጫቱን ይዞ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ፍራንሲና ደረጃው ላይ ቆማ አመዷን ርግብ አቀበለችው። ሁለቱም ርግቧን እንደያዙ ቆሙ። ርግብ ለማቀበል ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። 

ከዚያ ወዲህ ባርሴሎና በሰላም በገባ ቁጥር አንዷን ርግብ ይለቃታል። ቱቦዋ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አለ። «ደርሻለሁ። ከተማው ሙሉ ሰው ነው፣ አንቺ ግን የለሽበትም።» ሌላ ጊዜ፦ «ዛሬ ደመናው ላይ ጥላችንን አየሁት። ቀሚስ የለበሰ መሰለኝ።» ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ሲጽፍላት ከርሞ ነው እንግዲህ ቁልፉን የወሰድኩት።

*

ረቡዕ ጠዋት ጊየም ርግቦቹን ሊወስድ መጣ። ቅርጫቱን ራሴ ሞልቼ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«እማማ ማርጋሊዳ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለኝ እየሳቀ።

«ገና አላጠፋህም። ሳታጠፋ ላስቁምህ ብዬ ነው።»

ሳቁን ተወው። ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። «ነገ ስመለስ ለእናቴ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ፍራንሲና ቦኒንን አገባለሁ ብዬ።»

«እናትህ አልጋ ላይ ትወድቃለች።»

«እናቴ? እናቴ ስትናደድ አትተኛም፣ ወለል ነው የምትወለውለው። ሁለት ቀን ወለሉን ታሸዋለች፣ በሦስተኛው ቀን ትሰማለች።»

«ሁሉም በወሬ ጀግና ነው፣ ልጄ። ደጃፍ ላይ የሚቆመው እግር የማን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ቀና ሲል ፍራንሲና ከደረጃው አናት ላይ ቆማለች። አላወሩም። ዓይን ለዓይን ብቻ ተያዩ፤ እሱ በአገጩ «ነገ» ያላት መሰለኝ፣ እሷም በቅንድቧ «እሺ» ያለችው። ከመሃላቸው እኔ ቆሜያለሁ፣ ግን እንደሌለሁ ነበርኩ።

ሲወጣ አፌ አምልጦኝ «ልብስህን ቆልፍ፣ ላይ ብርድ ነው» አልኩት። እሱም ቆለፈ። ቀኑን ሙሉ ራሴን ስረግም ዋልኩ። ልጅን ወደ ውጭ እየገፉ ልብሱን የሚያስቆልፉት ምን ዓይነት አንጀት ቢሆን ነው?

ማታ ፍራንሲና ሳህን እያጠበች፣ «እማማ፣ ቁልፉን ስጪኝ» አለችኝ።

«አልሰጥሽም።»

«የእህትሽን ነገር አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ነገርሽኝ። እሱ ግን ያ ሰውዬ አይደለም።»

«እሷም እንዲሁ ብላ ነበር።»

ፍራንሲና እጇን በጨርቅ አደራረቀችና ፊቷን ወደኔ መለሰች። የተቆጣች አልነበረችም፤ የምትቆጣ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው እጠብቃለሁ» አለችኝ። «መጠበቁ አይከብደኝም። እርግጠኛ ነኝ።» ያ እርግጠኝነቷ ነው ያስፈራኝ።

*

ሐሙስ ዕለት የረፋዱ የአምስት ሰዓት ደወል ሲመታ ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ብርቱ የሰሜን ነፋስ ነበር፤ አንሶላው ፊቴን እየመታ አላሠራኝም። አመዷ ርግብ ከነፋሱ ጋር መጥታ ከበራፏ ላይ ዱብ አለች። ስይዛት የሆዷ ላባ ርሷል። ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ዝናብ የለም። ከየትኛው ምንጭ ተነክራ መጣች ብዬ አለፍኩት። ዛሬም ያቺን ርጥብ ላባ ጣቴ ላይ እንዳለች አውቃታለሁ።

ቱቦውን ፈታሁ። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ይታያል። አላነበብኩትም። መነኮሳቱ ዘንድ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ማንበብ አያቅተኝም፤ ግን የሰው የፍቅር ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው ብዬ ያደግሁ ነኝ። መደበቁን ግን ነውር አላልኩትም። ከዚያ ቱቦ በሦስት ወር ውስጥ ከፍቅር ሌላ ምንም ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬም ሌላ አልጠረጠርኩም።

ወደ ታች ወረድኩና ወደ ሱቁ ገባሁ። የፍራንሲና አባት፣ ልጄ ጋብሪየል፣ ወናፉን እየነፋ ብር እያቀለጠ ነበር። ወረቀቱን ከሰሉ ላይ ልጥለው እጄን ስዘረጋ፣

«እናቴ፣ እባክሽ» አለኝ። «የወረቀት አመድ ብሬ ላይ ሊዘንብ ነው። ቆሻሻሽን ሌላ ቦታ ጣይ።»

ወረቀቱን ከነቱቦው ወደ ሽርጥ ኪሴ መለስኩት። ስንት ሰው ነው በእግዚአብሔር ተረፍኩ የሚል፤ ጊየም የተረፈው በልጄ የሥራ ንጽሕና ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የወደቡ ጸሐፊ መጣ። ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ላብ አጥምቆታል።

«እትዬ ማርጋሊዳ፣ ከርግቦቹ የመጣች አለች?»

«ምነው?»

«ምንም። እንዲሁ ነው።»

እንዲሁ ያለኝ እንዳልሸበር ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ወስዶ፣ ቢሮው ውስጥ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ የወደቡ ሰው ሁሉ የልጄን ልጅ ስም እያነሳ ሲስቅ ታየኝ። ኪሴን በእጄ ሸፈን አደረግሁ።

«አልመጣችም» አልኩት።

አመሰገነኝ። ኮፍያውን አንስቶ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝና ሄደ።

*

ፍራንሲና በዚያ ቀን ከወደቡ አጠገብ ላለች አንዲት ልብስ ሰፊ የብር የልብስ ቁልፎች ልታደርስ ሄዳ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ከፍታ ገባች። ሮጣለች፤ ፀጉሯ ከማሰሪያው ወጥቷል። ድምጿ ግን የተረጋጋ ነበር።

«አውሮፕላኑ አልገባም። በሁለት ሰዓት ከባርሴሎና ተነስቷል፣ በአራት ሰዓት መድረስ ነበረበት። ወደቡ ላይ ሰዉ እየተላቀሰ ነው።»

ከወንበሬ ሳልነሳ ማልቀስ ጀመርኩ።

«አታልቅሺ፣ እማማ። ጊየም ሞኝ አይደለም። ርግብ ሳይለቅ አይቀርም። ጸሐፊው አልመጣችም ይላል፣ ምናልባት አሁን ገብታ ይሆናል። ቁልፉን ስጪኝ።»

ቁልፉ ያለው አንገቴ ላይ ነው። እጄ ግን ወደ አንገቴ አልሄደም። ወደ ኪሴ ሄደ። ፍራንሲና እጄን አየችው። ከዚያ ፊቴን አየችው። መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ቱቦውን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።

ወረቀቱን ፈታ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«ሞተሩ ተሰብሯል። ባሕር ላይ ወርደናል። ከድራጎኔራ ደሴት በስተሰሜን አሥራ ሁለት ማይል። አብራሪው ክንዱ ተሰብሯል። ውሃ እየገባ ነው፣ ክንፉ ላይ ወጥተናል፣ እስካሁን ይንሳፈፋል። ሁለተኛዋ ርግብ ሞታለች። ሰዓቴ ውሃ ገብቶበት ቆሟል። ፍራንሲና ቦኒንን ምሳ አታቆይልኝ በሏት፤ ለእራት እደርሳለሁ። ጊየም።»

ጋብሪየል ወናፉን መንፋቱን አቆመ። ሱቁ ውስጥ የከሰሉ መንጣጣት ብቻ ይሰማል።

«መቼ መጣች?» አለች ፍራንሲና።

«አምስት ሰዓት ላይ።»

አልጮኸችም። ወረቀቱን እንደነበረው ጠቀለለችው። «አራት ሰዓት ሙሉ ኪስሽ ውስጥ ነበር» አለች፤ ለኔ አይደለም፣ ለራሷ ነው የነገረችው። «ተነሺ። ካፒቴኑ ቤት እንሄዳለን።»

«የወደቡ ቢሮ አይሻልም?»

«ቢሮው ውስጥ ያለው ጸሐፊ ነው። ባሕሩን የሚያውቀው የጊየም አባት ነው።»

«አንቺው ሂጂ፤ እኔ እዚያ ቤት...»

«የተቀበልሻት አንቺ ነሽ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው።»

መንገድ ላይ ሁልጊዜ ክንዴን ትይዘኝ ነበር፤ ድንጋዩ ያንሸራትተኛል። ያን ቀን ከፊቴ ሦስት እርምጃ ቀድማ ሄደች። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ብዙ ነገር ተሸክሜያለሁ። እንደዚያ ሦስት እርምጃ የከበደኝ ግን የለም።

*

እየሄድኩ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። «ርግቧ አሁን ነው የመጣችው» ብልስ? ወረቀቱ ላይ ሰዓት የለም። ማን ያውቃል? ጋብሪየል ልጄ ነው፣ አይናገርም። ፍራንሲናም ብትሆን አያቷን በሰው ቤት አታዋርድም። አንዲት ትንሽ ቃል ናት፤ «አሁን»። እሷን ብቻ ብል ጊየምም ይፈለጋል፣ እኔም ሰው ፊት እቆማለሁ።

የካፒቴን ባርቶሜው ፌራጉት ቤት በር ክፍት ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ማግዳሌና እጅጌዋን ሰብስባ፣ ብሩሽ ይዛ፣ መሐል ወለል ላይ ተንበርክካለች። ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል፤ እሷ ግን ታሸዋለች። ሲናደዱ ብቻ ሳይሆን ሲፈሩም ወለል እንደሚወለወል ያን ጊዜ ገባኝ። ቀና ብላ አየችን፣ ማን እንደሆንን አወቀች፤ የጆሮዋን ጌጥ የሠራው ባሌ ነው።

«ዛሬ ምንም አንገዛም» አለች።

«ርግብ መጥታለች» አልኩ።

ካፒቴኑ ከውስጥ ክፍል ወጣ። ወረቀቱን ነጥቆ፣ ከጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቶ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ክንፉ ላይ ወጥተናል» የሚለው ላይ ሲደርስ ወይዘሮ ማግዳሌና ብሩሹን ለቀቀችው። የመጨረሻውን መስመርም አነበበው።

«ፍራንሲና ቦኒን ማናት?» አለች ሚስቱ።

 እሷ ዓይኗን ከኔ ወደ ፍራንሲና አዛወረች፤ ከፍራንሲና አልነቀለችም።

«የልጄ ልጅ ናት» አልኩ። «የጎዳናው ናት። ልጅሽ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። እኔ አልፈለግሁም፣ አንቺም አትፈልጊም፤ እነሱ ግን አልጠየቁንም።»

«ማግዳሌና፣ ይሄ ይቆይ» አለ ካፒቴኑ። እርሳሱን ካርታው ላይ አቁሟል። «ሰዓት አልጻፈበትም። እትዬ፣ ርግቧ ስንት ሰዓት ላይ ገባች?»

ያቺ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ወደ ፍራንሲና ዞርኩ። ልታጋልጠኝ አፏን አልከፈተችም፣ ልታድነኝም አልሞከረችም። አየችኝ ብቻ። ስለ ጊየም እንደዚያ እርግጠኛ የነበረች ልጅ፣ ስለ እኔ እርግጠኛ አልነበረችም። ያንን ባየሁ ጊዜ ከእህቴ ይልቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይልቅ፣ ያ ጥርጣሬዋ በለጠብኝ።

«አምስት ሰዓት ላይ» አልኩ። «የረፋዱ ደወል ሲመታ። የፍቅር ደብዳቤ መስሎኝ ደበቅሁት። ጸሐፊው ሲጠይቀኝም አልመጣችም አልኩት።»

ወይዘሮ ማግዳሌና ከወለሉ ላይ ቀስ ብላ ተነሳች። ጉልበቷ ርሷል። «ለአራት ሰዓት ተኩል?» አለች። «ልጄን ባሕር ላይ ትተሽ ለአራት ሰዓት ተኩል?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ልጅሽ የልጄን ልጅ ደጃፍ ላይ አቁሞ ይሄዳል ብዬ።»

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመታኝማ ደስ ባለኝ። ካፒቴኑ ግን እኛን አይሰማም ነበር፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። «ርግቧ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶባታል፣ ስለዚህ የተለቀቀችው አራት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ዘጠኝ ተኩል። አምስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ይሄ የሰሜን ነፋስ ገፍቶታል፣ በሰዓት ሁለት ማይል፣ ከዚያም ትንሽ በላይ...» እርሳሱን ከላይ ወደ ታች ሳበው፤ ከድራጎኔራ ሰሜን ተነስቶ ከደሴቱ በስተምዕራብ ክፍት ባሕር ላይ አቆመው። «እዚህ ነው ያለው።» ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ መልሶ አሥራ ሁለት ማይል ሰሜን ላይ አሳረፈው። «አሁን መጣች ብትዪኝ ኖሮ ጀልባዎቹን ሁሉ እዚህ ነበር የምልካቸው። እዚህ ውሃ እንጂ ሰው የለም።»

ኮፍያውን እንኳ ሳያደርግ ወደ ቴሌግራፍ ቤት ሮጠ። አንድራች ወደብ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ለደሴቱ ቅርብ ናቸው፤ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችም አሏቸው።

ሦስት ሴቶች በተወለወለው ወለል ላይ ቆመን ቀረን።

«በሕይወት አለ» አለች ፍራንሲና።

ወይዘሮ ማግዳሌና ዞረችባት። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«የአውሮፕላኑን ሆድ በሚያዝያ ወር እንደገና ያሸገው እሱ ነው። ሁለት ጊዜ አሽጎ፣ አልወደደውም፣ አፍርሶ ሦስተኛ አሸገው። ቶሎ አይሰጥምም።»

«ይሄን ሁሉ የነገረሽ እሱ ነው?»

«አልነገረኝም። ጥፍሩ ውስጥ ሬንጅ ለሦስት ሳምንት አልለቀቀም ነበር። እጁን አውቀዋለሁ።»

የጊየም እናት ለረጅም ጊዜ አየቻት። እሷም የልጇን ጥፍር ያን ሰሞን አይታ እንደነበር ፊቷ ላይ አነበብኩ። ሁለት ሴቶች አንድን እጅ እያሰቡ ተያዩ።

*

የወደቡ ግንብ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እኔ ሰው ከሌለበት ዳር ተቀምጬ ነበር፤ ወይዘሮ ማግዳሌና መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ከጎኔ ስል መሐላችን አንድ ሰው ይበቃል።

«አሁን መጣች ልትዪ አስበሽ ነበር?» አለችኝ ባሕሩን እያየች።

«አስቤ ነበር።»

«እኔ ብሆን እለው ነበር።» ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «አልወድሽም፣ እትዬ ማርጋሊዳ።»

«አውቃለሁ።»

«ቤታችሁ ድረስ የምመጣ እንዳይመስልሽ።»

«አልጠራሁሽም።»

እንዲህ ስንባባል ደግሞ ሻርፗን ከትከሻዋ አውልቃ ጉልበቴ ላይ ጣለችው። ነፋሱ ብርቱ ነበር። እኔም ሻርፑን አልመለስኩላትም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ካፒቴኑ ቴሌግራሙን ይዞ መጣ። እየሮጠ አልነበረም፤ ሲራመድ ባየሁት ጊዜ መጥፎ ዜና መሰለኝ። ደርሶ ግን እንባው ጢሙ ውስጥ ሲወርድ አየሁ፣ እየሳቀም ነበር። ሁለቱም ሰዎች በሕይወት ተገኝተዋል፣ ከድራጎኔራ በስተምዕራብ። የአንድራች ጀልባ ሰዎቹን አንስታ ትንሽ እንደራቀች አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ሰጥሟል። ከሁለት ከረጢት ደብዳቤ አንዱ አብሮ ሰጥሟል፤ ሌላው ጊየም ወገቡ ላይ አስሮት ነበር።

ፍራንሲና «አላልኳችሁም?» አለች። አለችና እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ፣ እስከዚያ ያቆየችውን ሁሉ አለቀሰችው። እንደዚያ በሙሉ ልብ የሚያለቅሰው እርግጠኛ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

*

በማግሥቱ ጠዋት ጀልባዋ ፓልማ ስትገባ ወደቡ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጊየም ፊቱ በፀሐይና በጨው ተላጦ፣ የሰው ሱሪ ለብሶ ወረደ። መጀመሪያ እናቱ አቀፈችው፤ አገጩን ይዛ ግራና ቀኝ አዟዙራ አየችው፣ ጥፍሮቹን ሳይቀር። ከዚያ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ነገረችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። እሱ ግን ዞሮ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ወደ ፍራንሲና መጣ፣ ኮፍያ ስለሌለው እጁን ፀጉሩ ላይ አድርጎ ሰላም አላት፣ እሷም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አንዳንዱ ሰው ፊቱን አዞረ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ካፒቴኑ ከሚያጨበጭቡት ጋር ነበር።

እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ያዝኩት። «በውሃ ላይ ያን ያህል ያቆየሁህ እኔ ነኝ» አልኩት። «ከሰው ሳትሰማ ከእኔ ስማ ብዬ ነው።»

«ፍራንሲና አሁን በጆሮዬ ነግራኛለች፣ እማማ።» ድምጹ ሰልሏል። «እዚያ ክንፉ ላይ ሆኜ ምን ስል እንደነበር ልንገርዎት? ርግቧ ከገባች እማማ ማርጋሊዳ እጅ ናት፣ አትጠፋም ስል ነበር። አልጠፋችም።»

መሳቅ አማረኝ፣ አልቻልኩም።

የጋዜጣው ሰው ደብተሩን ይዞ በሕዝቡ መሐል እየተጋፋ ደረሰን። «መልእክቱን የተቀበለችው እመቤት የትኛዋ ናት?»

«አያቴ ናት» አለች ፍራንሲና፤ ክንዷን በክንዴ ውስጥ አስገብታ።

«ርግቧ ስንት ሰዓት ላይ መጣች?»

ፍራንሲና ሳትዘገይ መለሰች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አለችው።

ዞሬ አየኋት። ፊቷ እንደ ድሮው ነበር፣ ለእኔ ብላ በከተማው ሁሉ ፊት ልትዋሽ የተዘጋጀች። ትናንት በሰው ቤት ያላዳነችኝ ልጅ፣ ዛሬ ማንም ሳይጠይቃት ልታድነኝ ቆማለች። ከይቅርታ በላይ ነበር፤ የሚቀበሉት ስጦታ ግን አልነበረም።

«አምስት ሰዓት ላይ ነው» አልኩት ለጋዜጣው ሰው። «ከረፋዱ አምስት ሰዓት። እኔ ነኝ የደበቅሁት። ስሜ ማርጋሊዳ ቦኒን ነው፣ በብር አንጥረኞች መንገድ። በትክክል ጻፈው።»

እርሳሱን አቁሞ አየኝ። «ምክንያቱንም ልጻፍ?»

«ጻፍ። ፈርታ ነበር በል።»

ጻፈው። እኔ ግን ይሄን ስናገር አልፈራሁም ነበር።